የቆጡን ለማውረድ የብብትን ስለ መጣል

ሄርማታ ከጥንት ጀምሮ የገበያ አገር ነው። ሁለተኛው አባ ጅፋር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 በገዙበት ዘመን ቤተ መንግሥታቸው በጅሬን ኮረብታ ላይ ነበረ፤ ከኮረብታውም በታች በሄርማታ በየሐሙሱ የሚቆመው ገበያ ስሙ በሩቅ የተሰማ ነበር። ነጋዴው ቡናውንና ማሩን ሽጦ ዋጋውን በአሞሌና በማርያ ቴሬዛ ብር ይቀበላል። ብሩንም ሲቀበል ዝም ብሎ ወደ ከረጢቱ አይጨምረውም፤ በንግሥቲቱ ራስና ደረት ላይ ያለውን የዕንቁ ነጥብ አንድ በአንድ መርምሮ፣ የተፋቀውን ከደህናው ለይቶ ነው እንጂ።

ዛሬ ሄርማታ የጅማ ከተማ መርካቶ ሆኗል። ከጨርቁና ከቅመሙ ሱቅ ጎን ለጎን ያገለገለ ኮምፒዩተር የሚሸጥባቸውና የሚጠገንባቸው ጠባብ ክፍሎች ይገኛሉ። ነገር ግን የዛሬው ገዢ እንደዚያ ነጋዴ መርምሮ የሚቀበል አልሆነም፤ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ስለማያውቀው ነገር ነው። ይህም ምን ያህል ጉዳት እንደሚያመጣ፣ ደግሞም ጉዳቱ በምን ያህል ጥቂት ገንዘብ ሊጠበቅ ይችል እንደ ነበረ በአንድ የሄርማታ ሰው ቤት ከደረሰው ነገር መረዳት ይቻላል።

እኒህ ሰው በወጣትነታቸው በጎጃም ቅኔ ቤት የቆዩ፣ ኋላም በመንግሥት ትምህርት ቤት አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው በጡረታ የተሰናበቱ መምህር ናቸው። ቅኔ ያስተማሯቸው የኔታ ቅኔያቸውን በጽሕፈት አላኖሩም ነበር፤ ደቀ መዝሙሩ በጆሮው ተቀብሎ በልቡ እንዲይዘው ነው ልማዳቸው። ይሁን እንጂ መምህሩ ከዘመን ብዛት እንዳይረሳቸው ፈርተው ያስታወሱትን ሁሉ በደብተር ጽፈውት ነበር። ደብተሩን የጅማ ክረምትና እርጥበት እየበላው ስለ ሄደ በ1997 ዓ.ም. በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ይገለብጡት ጀመር። የኔታም በዚያው ዘመን አረፉ።

በ2007 ዓ.ም. በአሜሪካ የሚኖር የወንድማቸው ልጅ ያገለገለ ኮምፒዩተር ላከላቸው። ዕቃው ቤት የገባ ዕለት ሊሰኩት ሲሉ የኤሌክትሪክ ሥራ የሚያውቅ ጎረቤታቸው ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ቀይ መለወጫ አይቶ እጃቸውን ያዘ። መለወጫዋ በ115 ላይ ነበረች። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ያህል ሲሆን የኢትዮጵያ ግን 220 ነው። አንዳንዱ ኮምፒዩተር ልዩነቱን ራሱ ዐውቆ ይቀበላል፤ እንዲህ ያለ መለወጫ ያለው ግን ወደ 230 ሳይገፋ ቢሰካ ኃይል መቀበያው በዚያው ቅጽበት ይቃጠላል። ጎረቤትየው መለወጫዋን በስንጥር ገፋና ኮምፒዩተሩ ዳነ። መምህሩም በዚያ ቀን አንድ ነገር ሊማሩ ይገባቸው ነበር፤ ይኸውም ዕቃን ከመንካት በፊት መመርመር ነው። ነገር ግን ደስታው ትምህርቱን አስረሳቸው።

ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ ዐሥር ዓመት አገለገለ። ደብተሩም ተገልብጦ ሲያልቅ፣ ቅጠሉ በእጅ ሲነኩት የሚፈርስ ሆኖ ስለ ነበር ተጣለ። ከአራት መቶ የሚበልጥ የየኔታ ቅኔ ከዚያ ሣጥን በቀር ሌላ ማደሪያ አልነበረውም። ሣጥኑ ግን እያረጀ ሄደ። ጧት ማብሪያውን ተጭነው ቡና ይቀርባል፤ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ነው ጽሕፈቱ የሚከፈትላቸው። ማራገቢያውም እንደ ወፍጮ ይጮኽ ጀመር።

በዚህ ጊዜ የአገሩ ሁሉ ወሬ አንድ ሆነ። ዊንዶውስ 10 ለሚባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ሲሰጥ የነበረው መደበኛ የጥበቃ ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። የሚተካው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ከዚህም በላይ በአሮጌ ኮምፒዩተሮች ውስጥ የማይገኝ የምስጢር መጠበቂያ መሣሪያ ይፈልጋል። ስለዚህ ብዙ ሰው አሮጌውን ጥሎ አዲስ መግዛት ግድ የሆነበት መሰለው። አዲሱ ግን ከጡረተኛ አቅም በላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በ58 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃም ዋጋው አብሮ ወጥቷል።

መምህሩም ከሰው በሰሙት ምክር በራሳቸው መጠገን ጀመሩ። «ሜሞሪ ይጨመርበት» የሚል ሰምተው ከአንድ ሱቅ ሜሞሪ ገዙ። የኮምፒዩተራቸው ሜሞሪ ዲዲአር 3 የሚባለው ሲሆን የገዙት ዲዲአር 4 ነበር። ሁለቱ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ፤ ነገር ግን ከግርጌ ያለው ቅድ በተለያየ ስፍራ ስለ ሆነ አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም፤ የሚፈልጉትም ቮልት ልዩ ልዩ ነው። አሮጌውን ነቅሎ ይዞ መሄድ ወይም በላዩ የተጻፈውን ማንበብ ይበቃ ነበር። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ግን የገንዘብ ብቻ አልነበረም። ኮምፒዩተሩን ዊንዶውስ ወደሚጭን አንድ ሰው ወሰዱት። ሰውየውም «ፎርማት አድርጌ እንደገና ልጫንልዎ፤ እንደ አዲስ ይሆናል» አላቸው። መምህሩ «እሺ» አሉ። በውስጡ ያለው ጽሑፍ ምን እንደሚሆን እሳቸው አልጠየቁም፤ በውስጡ ምን እንዳለም እሱ አልጠየቃቸውም። በማግሥቱ ወደ ቤት ወስደው ሲከፍቱት በእርግጥ ፍጥነቱ ጥቂት ጨምሮ ነበር። ቅኔው ግን አልነበረም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው ተረት በእሳቸው ደረሰ። ሴት ልጃቸው እንደምትናገረው በዚያች ሌሊት እህል አልቀመሱም፤ ተቀምጠው በቃል የቀረላቸውን እያንጎራጎሩ ነው ያደሩት።

ሐሙስ ዕለት ልጅቱ ኮምፒዩተሩን በባጃጅ አስጭና አባቷን በመርካቶ ወደሚገኝ ሌላ ጠጋኝ ወሰደቻቸው። ጠጋኙ የአጋሮ ተወላጅ የሆነ እስላም ወጣት ነው፤ አባቱም የጀንፈል ቡና ነጋዴ ናቸው። ነገሩን ከሰማ በኋላ ሣጥኑን ከመክፈቱ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ።

«አባባ፣ ከተደመሰሰ ወዲህ ስንት ጊዜ ሠሩበት?»

«አንድ ጊዜ ከፈትሁት፤ ከዚያ ወዲህ እጄ አልሄደልኝም፣ ልጄ።»

«አልሐምዱሊላህ። እንኳን አልነኩት። መጽሐፉ አልተቃጠለም፤ የተቀደደው ማውጫው ነው።»

ነገሩም እንደዚህ ነው። ሃርድ ዲስክ በተለመደው ፈጣን መንገድ ፎርማት ሲደረግ እያንዳንዱ ጽሑፍ አይፋቅም፤ የት እንዳለ የሚያመለክተው ማውጫ ብቻ ይሰረዛል፤ ስፍራውም ለሌላ ጽሑፍ ክፍት ነው ተብሎ ይቈጠራል። ሌላ ነገር በላዩ እስካልተጻፈበት ድረስ የቀድሞው በስፍራው አለ። ስለዚህ ጽሑፍ የጠፋበት ሰው የመጀመሪያ ሥራው ኮምፒዩተሩን ማጥፋትና አለመንካት ነው፤ እያንዳንዱ ማብራት አዲስ ነገር ይጽፍበታልና። አዲስ የተጫነው ዊንዶውስ የዲስኩን አንድ ክፍል ይዞ ነበር፤ የቀረው ግን አልተነካም። መምህሩም ነገሩን ቶሎ ተረዱት፤ ብራና ተፍቆ ሌላ ሲጻፍበት የፊተኛው ቀለም ከሥር ጥላው እንደሚታይ ያውቁ ነበርና።

ወጣቱ ዲስኩን ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ የሚፈልግ ፕሮግራም አሠማራበት፤ ሌሊቱን ሙሉ ሠራ። በማግሥቱ መምህሩ ሲመጡ ስማቸው ጠፍቶ በቁጥር ብቻ የተጠሩ ብዙ ጽሑፎች ተሰልፈው አገኙ። ወጣቱ አንዱን ቢከፍተው የላቲን ፊደልና ልዩ ልዩ ምልክት ያለ ሥርዓት ተቀላቅሎ ታየ። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ቢከፍት እንዲሁ ነው። ፊቱ ጠቈረ። «ይህስ ተበላሽቷል፣ አባባ» ብሎ ሊዘጋው ሲል መምህሩ «ቆይ፣ ልጄ» አሉት። መነጽራቸውንም አድርገው ወደ መስተዋቱ ቀርበው መስመሩን በጣታቸው ይቈጥሩ ጀመር።

«ሁለት። ሦስት። ሦስት። አምስት።»

ወጣቱ ምን እንደሚቈጥሩ አልገባውም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ ሦስት ሦስት ቤት ናቸው፤ ዋዜማ አምስት ነው። ወረድ ብሎ ስምንት መስመር ያለው ነበረ፤ እሱም መወድስ ነው። መምህሩ ቀጥለው የየመስመሩን መጨረሻ ተመለከቱ። በእያንዳንዱ ቅኔ የመስመሮቹ መጨረሻ ምልክት አንድ ዓይነት ነበር። ምልክቱ ትርጉም የለሽ ቢሆንም ቤት ይመታል። በዚህ ጊዜ «አልተበላሸም፤ ይህ የየኔታ ነው፤ ልብሱን ብቻ ነው የለወጠው» አሉ። ድምፃቸውም ተቈርጦ ጥቂት ጊዜ ዝም አሉ።

እውነትም ልብሱ ነበር። የቀድሞው የኮምፒዩተር ፊደል መያዣ 256 ስፍራ ብቻ ነበረው። የአማርኛ ፊደል 33ቱ በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዙና ነጥቡ ሲጨመሩበት ከ256 ያልፋል። ስለዚህ የዚያን ዘመን ባለሙያዎች ለላቲን በተሠራው ስፍራ ላይ የግእዝን መልክ እያለበሱ በየፊናቸው ልዩ ልዩ አሠራር አወጡ። ያ የፊደል መልክ በኮምፒዩተሩ ላይ ሲኖር ጽሑፉ ይነበባል፤ መልኩ ሲጠፋ ግን ከሥር ያለው የላቲን ምልክት ይገለጣል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ሁሉ የፊደል መዝገብ ገብቶ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር አገኘ፤ ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈ በየትም ይነበባል። መምህሩ ግን እጃቸው የለመደውን ትተው ወደ አዲሱ ሳይሻገሩ ቀርተው ነበር። ፎርማቱ ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን አሮጌውን የፊደል መልክም አብሮ ደምስሶት ነበርና ነገሩ ጠፋ መሰለ። ኋላ ግን የቀድሞ ተማሪያቸው በአጋሮ ባኖረው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ያው ፊደል ተገኘ። ቢጭኑት ቅኔው ተነበበ፤ ከዚያም በመለወጫ ፕሮግራም ሁሉም ወደ ዩኒኮድ ተዛወረ።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ መምህሩ ወጣቱን «አሁንስ አዲስ ልግዛ?» ብለው ጠየቁት። እሱም «አያስፈልግዎትም፤ ገንዘቡን በተርታ ያውጡት» አላቸው። ተርታውም ለማንኛውም አቅሙ ውስን ለሆነ ሰው የሚጠቅም ስለ ሆነ እዚህ ሊነገር ይገባዋል።

ከሁሉ በፊት ቅጂ ነው፤ ይህ ከመጠገንም ከመግዛትም ይቀድማል። ሁለተኛው ጽዳት ነው፤ ወጪ የለበትም ማለት ይቻላል። ሣጥኑ ሲከፈት የማራገቢያው ክንፍ በጅማ ቀይ አፈርና ከቡና መፈልፈያው በሚነሣው ገለባ ታፍኖ ተገኘ። ኮምፒዩተር ሲግል እንዳይቃጠል ራሱ ሥራውን ያዘገያል፤ ብዙ ሰው እርጅና የሚለው አቧራ ነው። ከኤሌክትሪክ ነቅሎ፣ ማራገቢያውን በጣት ይዞ በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ፣ በአንጎሉና በማቀዝቀዣው መካከል የደረቀውንም ቅባት አድሶ መቀባት ይበቃል። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባለ 3 ቮልት ባትሪም ደክማ ነበር። እሷ ስትደክም ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ቀኑ ሲሳሳት ደግሞ ብዙ የኢንተርኔት ገጽ አልከፈትም ይላል። ባለቤቱ ግን ኮምፒዩተሩ የታመመ ይመስለዋል።

ሦስተኛው ከኤሌክትሪክ መጠበቅ ነው። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ በኩል 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የግልገል ጊቤ ግድብ ከጅማ ሩቅ አይደለም፤ ነገር ግን የምንጭ ጎረቤት መሆን እንስራን አይሞላም፤ በሄርማታም መብራት ይጠፋል። መጥፋቱ ጽሑፍን ይጎዳል፤ ዕቃውን ይበልጥ የሚጎዳው ግን ሲመለስ በኃይል መምጣቱ ነው። መብራት ሲጠፋ መንቀል፣ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ መቈየት፣ በክረምትም ሰማዩ ሲያጉረመርም እንዳይሰካ ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም። አቅም ያለው ስታቢላይዘር ይጨምር፤ ባትሪ ያለውን ኃይል መጠበቂያ የሚገዛ ግን ባትሪው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደሚደክም ይወቅ።

አራተኛው የዲስክ ለውጥ ነው። አሮጌው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ሰሌዳ አለው፤ አንባቢው ብረት ከሰሌዳው በላይ እየተመላለሰ ይፈልጋል። ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ ስለዚህ በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ እንኳ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ከአንድ ወጪ ብቻ መምረጥ ያለበት ሰው ይህን ይምረጥ። አምስተኛው ሜሞሪ ነው፤ በስሕተት የተገዛው በትክክለኛው ተለወጠና 4 የነበረው 8 ጊጋባይት ሆነ። ስድስተኛው ሥርዓቱ ነው። ጥበቃው ባበቃ ዊንዶውስ ከመቆየት ይልቅ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ የጀመረውና ዛሬ በነጻ የሚታደለው ሊኑክስ ተጫነ፤ ከእሱም ጋር ሊብሬ ኦፊስ የሚባለው የጽሕፈት ፕሮግራም ያለ ዋጋ መጣ። መምህሩ ሁለት ሳምንት አጉረመረሙ፤ በሦስተኛው ዝም አሉ። የወጪው ሁሉ ድምር የአዲሱን ዋጋ ሩብ አልደረሰም። ጽሕፈቱም አሁን አቦሉ ሳይቀዳ ይከፈታል።

ይህ ማለት አሮጌ ሁሉ ይጠገናል ማለት አይደለም። ማዘርቦርዱ የሞተ ከሆነ ወይም የጥገናው ዋጋ ወደ ሌላ ደህና ያገለገለ ኮምፒዩተር ዋጋ ከተጠጋ ማቆም ብልኅነት ነው። ሣጥንን ከመጠን በላይ መውደድም ሌላ ስሕተት ነው፤ ሣጥኑ የተፈለገው በውስጡ ስላለው ነገር ነውና።

ይህንንም የአገራችን ሊቃውንት ከኮምፒዩተር በፊት ያውቁት ነበር። መጽሐፍ የሚኖረው ብራናው ስለማይበሰብስ አይደለም፤ ሳይበሰብስ በፊት ሌላ ጸሐፊ ስለሚገለብጠው ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራም በሺህ የሚቈጠሩ መጻሕፍትን ፎቶግራፍ እያነሣ ቅጂውን በአዲስ አበባም በአሜሪካ በሚኒሶታም እንዲኖር ያደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። የኮምፒዩተር ባለሙያዎችም ደንባቸው ይኸው ነው፤ ሦስት ቅጂ ይሁን፤ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጥ፤ አንዱም ከቤት ውጭ ይደር ይላሉ። የመምህሩ ቅኔ ዛሬ አንዱ በኮምፒዩተሩ፣ አንዱ በአጋሮ በተማሪያቸው ዘንድ በውጭ ዲስክ፣ አንዱም ልጅቱ አሳትማ በጠረዘችው ወረቀት ላይ ይገኛል። ጠጋኙም አንድ ሌሊት ሙሉ ለሠራበት የጠየቀው ዋጋ ጥቂት ነበር፤ መምህሩ ሊጨምሩለት ቢሉ አልቀበልም ብሎ «አንዱን ይተርጕሙልኝ» አላቸው። እሳቸውም በሱቁ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አንድ ጉባኤ ቃና ሰሙን ከወርቁ ለይተው ተረጐሙለት።

ነገር ግን ሁሉ አልተመለሰም። አዲሱ ዊንዶውስ በላዩ የተጻፈባቸው ጥቂት ጽሑፎች ቀርተዋል። ከእነሱ የሚበዛውን መምህሩ ከልባቸው እያወጡ መለሱት። ከአንድ መወድስ ግን ሰባተኛው ቤት አልመጣላቸውም፤ ሌሊትም ቀንም ቢያስቡት አልመጣም። እሳቸው ራሳቸው ቅኔ ዐዋቂ ስለ ሆኑ ልጃቸው «አባዬ፣ ለምን እርስዎ አይሞሉትም?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ልሞላው እችላለሁ። ነገር ግን ያን ጊዜ የየኔታ መሆኑ ይቀርና የእኔ ይሆናል» አሏት።

ስለዚህ በሦስቱም ቅጂ በስድስተኛውና በስምንተኛው ቤት መካከል አንድ ባዶ መስመር አለ።